በጃንሆይ ዘመን ሳንሱር በተግባር እንዴት ይሠራ ነበር? የድሮ ጋዜጣ ስናነብስ ምን እናስተውል?

ከዚራ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም. የወጡ ጋዜጦችን ቅጂ ለማሳየት እየተዘጋጀን ነው። ልጆቹ የጠየቁት ቀላል ይመስላል፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነት በመላው ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የተረጋገጠ ነው ይላል። ታዲያ ሳንሱሩ ከየት መጣ? ማን ነበር የሚቆርጠው? በየትኛው ደረጃ ላይ? ከወረቀቱ ላይስ ይታወቃል? «ጃንሆይ ደግ ነበሩ፣ አልነበሩም» የሚለውን ክርክር ሌላ ቦታ እናድርገው፤ አሠራሩን የሚያውቅ ይጻፍልኝ።

ፊደል ለቃሚ
አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነጻነቱ የተረጋገጠው «በሕግ መሠረት» ነው። የተባለው የፕሬስ ሕግ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ሁሉ አልወጣም፤ ቅድመ ምርመራን በግልጽ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 34 የመጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። በመሀሉ ያለውን ቦታ የሞላው የመሥሪያ ቤት ልማድ ነበር። ሕግ ቢሆን ኖሮ ወሰን ይኖረው ነበር፤ ይግባኝ የሚባልበት ቀዳዳም አይጠፋም። ልማድ ግን ወሰን የለውም። ደራሲው የተከለከለው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረም። «ቆይ እናየዋለን» ይባላል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

አንቀጽ 42ንም ለልጆቹ አሳያቸው። የደብዳቤ ግንኙነት አስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር ሳንሱር እንደማይደረግበት በግልጽ ይናገራል። ለደብዳቤ «ሳንሱር የለም» ብሎ በቃሉ የጻፈ ሕግ ለጋዜጣ ይህን ቃል አልተጠቀመም። አርቃቂዎቹ ልዩነቱን አያውቁትም ማለት ይከብዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስ ናቸው፣ ክብራቸው አይደፈርም፣ ሥልጣናቸው አይነካም የሚለው አንቀጽ 4 ደግሞ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ሳንሱር ሲባል ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሹም ይታየዋል። ሹሙ ነበር፤ ግን የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ያለው ባለቤትነት ነው። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ሲጀመር የመንግሥት ነው፤ በ1935 የተከተለው የእንግሊዝኛው ሄራልድም የመንግሥት ነው። ትልቁ ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም የተቋቋመው በራሳቸው በተፈሪ መኮንን፣ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ነው። አዘጋጁን የሚሾመው መንግሥት፣ ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት፣ ማተሚያው የመንግሥት። ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት የጋዜጣው ጉዳይ በጽሕፈት ሚኒስቴር እጅ ነበር፤ በኋላ ወደ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ዞረ። ስለዚህ አብዛኛው ነገር ሳይጻፍ ነው የሚቀረው። አዘጋጁ እንጀራውን ያውቃል።

ከጋዜጣ ውጭ ያለው ማለትም መጽሐፍ፣ ግጥምና ቴአትር ለመርማሪ ይቀርባል። ረቂቁ ይነበባል፣ የማይፈለገው ይሰረዛል፣ ካለፈ በየገጹ ይፈረምበታል ወይም ማኅተም ያርፍበታል። ማተሚያ ቤቱ ያለዚያ ማኅተም አንድ ፊደል አይለቅምም። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ዘበኛ ሆነ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ለሕትመት ጥፋት ኃላፊነቱን በተዋረድ ነው የሚያስቀምጠው። ደራሲው ካልተገኘ አዘጋጁና አሳታሚው፣ እነሱም ከጠፉ አታሚው ይጠየቃል። አታሚ ለሰው ግጥም ብሎ ከርቸሌ አይገባም።

ሸዋ በር
አቦ ፊደል ለቃሚ፣ ጥሩ ብለሃል፤ ግን ታሪኩን ከ1933 አትጀምረው። የእኛ አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባው አለ። በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት ጋዜጦች አንዱ፣ ለ ሴመር ዴትዮፒ የተባለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. የወጣው ከሐረር ነው፤ ያተሙትም የካፑቺን ሚሲዮናውያን ናቸው። አዲስ አበባ በአንጻሩ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ጋዜጣ በግሪካዊው ካቫዲያስ እጅ ሲጀመር ማተሚያ አልነበረውም፤ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚታደለው።

24 ቅጂ ለሚወጣ ጋዜጣ ሳንሱር ምን ያደርጋል? አንባቢው ቤተ መንግሥቱ ነው። መርማሪ የሚያስፈልገው ቅጂው ሲበዛ ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ላይ የጻፉት የዘመኑ ምሁራን ስለ ባርነት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ አስተዳደር በድፍረት ነበር የሚጽፉት። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ነጻ ፕሬስ ነበር» ይላል። የነበረው የአልጋ ወራሹ ጋዜጣ ነው፤ ትችቱም የሚያርፈው በአሮጌዎቹ መኳንንት ላይ፣ ማለትም በተፈሪ ተቀናቃኞች ላይ ነበር። ንግሥናው ከጸና በኋላ ያ ድፍረት የት ገባ? መርማሪ አላባረረውም፤ የሚፈልገው ጌታ ጠፋ።

የጣልያንን አምስት ዓመት በአጭሩ ልለፈው። «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ነበረ፤ በወዲያኛው ወገን ደግሞ እንግሊዞች ከካርቱም «ባንዲራችን»ን እያተሙ ያስገቡ ነበር። ሁለቱም ፕሮፓጋንዳ ናቸው። በ1933 የተመለሰው መንግሥት የወረሰው አገር ጋዜጣን እንደ ጦር መሣሪያ ማየት የለመደ አገር ነው።

ደቻቱ ማዶ
ሁላችሁም የአገር ውስጡን ብቻ ነው የምታወሩት። የውጭው ጽሑፍስ? ድሬዳዋ እኮ የባቡሩ በር ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ለ15 ዓመት መጨረሻው ጣቢያ ለገሃራችን ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከባሕር የመጣ ወረቀት ሁሉ በጉምሩካችን ሳይነካ አያልፍም።

የውጭ መጽሔት ላይ የሚሠራው ሳንሱር ከአገር ውስጡ የተለየ ነው። መጽሔቱ ታትሞ ያለቀ ነገር ነው፤ መስመር ማስቀየር አይቻልም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ሙሉ ጥቅሉን መያዝ፣ ገጹን መቅደድ፣ ወይም ጽሑፉን በጥቁር ቀለም መሸፈን። ገጽ ሲቀደድ ጀርባው ላይ ያለው ምንም የማያውቅ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። በሽቦ የተሰፋ መጽሔት ከሆነ ደግሞ የተቀደደው ቅጠል ማዶ ያለው ገጽ ይላላና ይወድቃል። ስለዚህ ከዚራ፣ የዚያ ዘመን የውጭ መጽሔት ካገኘህ መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩን ቁጠር፣ ቀጥለህ መሀል ስፌቱን ተመልከት። በሽቦው አጠገብ የቀረ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ካለ በመቀስ ወይም በምላጭ ተቆርጧል ማለት ነው። ማን ቆረጠው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ምስል ለግድግዳ የሚቆርጥ ባለቤትም አለ። ሌላ ሙሉ ቅጂ አግኝተህ የጎደለው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ሳታይ «ሳንሱር» ብለህ እንዳትለጥፍበት።

ሌላው የእኛ አካባቢ ጉዳይ ቋንቋ ነው። ሼኽ በክሪ ሰጳሎ በ1956 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኦሮምኛ የራሱ የሆነ ፊደል ፈጠሩ። ሰው በደብዳቤ መጻጻፊያ ማድረግ ሲጀምር መንግሥት ሼኹን ድሬዳዋ አምጥቶ በቁም እስር አስቀመጣቸው። እዚህ ላይ የተሰረዘ አንቀጽ የለም። የተከለከለው ሐሳቡ ሳይሆን መጻፊያው ራሱ ነው። ስለ ጋዜጣ ሳንሱር ስታሳይ ይህን ካልጨመርክ ግማሹ ይቀርብሃል፤ ምክንያቱም በኦሮምኛ የሚወጣ ጋዜጣ ስላልነበረ ከመዝገብ ቤት ፈልገህ «የተቆረጠ» የምትለው ነገር አታገኝም።

ሸዋ በር
በትክክል። አየሩ ግን አልተዘጋም፤ ሐረር ውስጥ የካይሮን ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው የአዲስ ዘመንን ገጽ አንድ አይጠብቅም ነበር።

ነጋድራስ
እኔ ትንሽ ተጋነነ እላለሁ። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ታተመ አይደለም እንዴ? የባላባቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅፍ ልብ ወለድ ነው። ሳንሱሩ እንደምትሉት ብረት ቢሆን እንዴት አለፈ?

ፊደል ለቃሚ
ጥሩ ጥያቄ ነው ነጋድራስ፤ መልሱም ሳንሱሩ ምን ይፈራ እንደነበር ያሳያል። ጎኑ ላይ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» የተባለ ልብ ወለድ አስቀምጠው። በ1955 ወጣ፣ ጥቂት ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ታገደ፣ የቀረው ተሰበሰበ። ሁለቱም ሥርዓቱን ይነካሉ። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

አንደኛ ጊዜው። 1955 ማለት የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ገና ሁለት ዓመቱ ነው። መፈንቅለ መንግሥትን የሚያስታውስ ነገር ሁሉ የቤተ መንግሥቱን ቁስል ይነካል። ሁለተኛ፣ ፍቅር እስከ መቃብር የሚነቅፈው የጎጃምን ባላባትና የቤተ ክህነቱን ሰው ነው፤ ዘመኑም ወደ ኋላ የራቀ ነው። አንባቢው «ያ ድሮ ነው» ሊል ይችላል፤ ማዕከላዊው መንግሥትም ባላባቱን እኔ ነኝ ያዘመንኩት ባይ ነው። ሦስተኛ የጸሐፊው ማንነት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። አቤ ጉበኛ ግን ከጀርባው ማንም የለም። መርማሪው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያነባል።

በእኔ ግምት ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፤ አልወለድም ካለፈና ከተሸጠ በኋላ ነው የተያዘው። ስለዚህ ቅድመ ምርመራው ጠንካራ አልነበረም፤ ያልገባውን አሳልፎ፣ አንባቢ ሲንሾካሾክ ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። አማርኛ ሰምና ወርቅ ይዞ መርማሪው ሰሙን ብቻ ካነበበ ጽሑፉ ያልፋል። ችግሩ አንድ ጊዜ ወርቁ ከታወቀ ቀጣዩ መርማሪ ሰም በሌለበትም ወርቅ መፈለግ ይጀምራል። ንጹሕ የፍቅር ግጥም የሚታገደው ያኔ ነው።

ከዚራ
ይህ ለልጆቹ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከጋዜጣው ወረቀት ላይ የሚታየውን ግን አልነገራችሁኝም። አንድ አንቀጽ በመጨረሻ ሰዓት ሲወጣ ምን ይፈጠራል?

ፊደል ለቃሚ
የእርሳስ ፊደል ዘመን ስለሆነ ጉድጓድ ይፈጠራል። በእጅ ለቀማ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ከሳጥኑ ይነሳል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከ230 በላይ ቅርጽ ስላለው ሳጥኑ ሰፊ፣ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ገጹ ተለቅሞ፣ ተሰድሮ፣ በብረት ፍሬም ከተጠበቀ በኋላ አሥር መስመር አውጣ ማለት የዓምዱ ብረት ይላላል ማለት ነው። ቦታው ካልተሞላ ገጹ ሲነሳ ይረግፋል፤ የሌሊቱ ሥራ መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ አዘጋጁ ባዶ ቦታ ትቶ «እዚህ ተቆርጧል» የሚል ተቃውሞ ለማሳየት ቢፈልግ እንኳ ለቃሚው የሚሞላ ነገር ይጠይቀዋል። ነጭ ቦታ መተው ራሱ እንደ ክስ ይቆጠራል።

የሚሞላው በምንድን ነው? ለቃሚው ቶሎ የሚያገኘው በመስመር መሀል የሚገባ ቀጭን የእርሳስ ዝርግ ነው። ዓምዱን በማስመሪያ ለካ፤ ከሌሎቹ ዓምዶች ይልቅ በመስመሮቹ መሀል ያለው ነጭ ሰፋ ካለ አንድ ነገር ወጥቷል። ሌላው ተለቅሞ የሚቀመጥ መሙያ ነው፤ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የጤና ምክር፣ ባለፈው ሳምንት የወጣ ማስታወቂያ። «በገጽ 3 ይቀጥላል» ተብሎ ገጽ 3 ላይ የማይቀጥል ዜናም ጥሩ ምልክት ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ያለ ሳንሱርም ይከሰታል። ዜናው አጠረ፣ ማስታወቂያ ከፋይ ሐሳቡን ቀየረ፣ ለቃሚው ልኩን ሳተ፤ በቃ ይሞላል። ስለዚህ ከገጹ ምልክት በተጨማሪ ከሌላ ቦታ ማስረጃ ያስፈልግሃል። ያለዚያ የመሙያ ምሳሌ ባየህ ቁጥር ጆሮ ጠቢ ይታይሃል።

የገጽ አንድ አቀማመጥንም አስተውል። የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶና ሙሉ ማዕረጋቸው መጀመሪያ ይመጣል፤ የቀኑ ትልቁ ወሬ ሌላ ቢሆንም።

ሸዋ በር
እኔ ከሁሉ በላይ ተማሪዎቹን የማስተምራቸው ሹም ሽር ማንበብን ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን ውሰዱ። የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ከንጉሡ ቀጥሎ ያሉ ኃያል ሰው ነበሩ፤ ጋዜጣውም ከእጃቸው አይወጣም። በ1947 ወደቁ። በዚያ ዘመን ልማድ ግን ውድቀት እንደ ሹመት ነው የሚነገረው፤ የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆኑ፣ አለቀ። ለምን ተነሡ የሚል አንድ ቃል አትጠብቅ። አንባቢው ግን ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ሥልጣን ላይ ሳሉ የጋዜጣውን ዝምታ ያበጁት ሰው በዚያው ዝምታ ነው የተሸኙት።

አነባበቡ እንዲህ ነው። አዲስ ዘመንን ብቻህን አታንብብ። ሕግና ሹመት በነጋሪት ጋዜጣ አለ፤ እሱን ከጎን አስቀምጠው። የዚያኑ ሳምንት የውጭ ጋዜጣ ጨምር። ከዚያ ሦስቱን በቀን አመሳክር። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሌም 8 ዓመት ይደምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በአንድ ቀን ይሸሻል። ምሳሌ ልስጥ፤ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው የተገደለው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ነው፤ ይህም ዲሴምበር 28 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው። 8 ደምረህ 1970 ላይ የውጭ ጋዜጣ ብትፈልግ ምንም አታገኝም፤ ከዚያም «ዓለም ዝም ብሏል» ብለህ ትጽፋለህ።

ደቻቱ ማዶ
ስለ ተማሪዎቹ ከተነሳ፣ ትግል የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣም አለ። ኅዳር 1962 የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጽሑፍ እዚያ ላይ ነው የወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ጋዜጣው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ያለው የበራሪ ወረቀት ዘመን ነው።

ነጋድራስ
በራሪ ወረቀቱ እንዴት ነበር የሚባዛው? ማተሚያ ቤት ያለ ማኅተም አይነካም ካላችሁ።

ደቻቱ ማዶ
በስቴንስል። ማኅተም ከሌለበት ቤት የሚወጣ ብቸኛው ብዙ ቅጂ እሱ ነው። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ ጀርባው ጠንካራ ካርቶን አለው። የጽሕፈት መኪናው ሪባን እንዳይነሳ ተደርጎ ባዶ ብረቱ ሰሙን ይመታዋል። በተመታበት ሰሙ ይገፋና ቀለም የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ የማባዣው ሲሊንደር ላይ ይታሠራል፣ ቀለሙ ከውስጥ ይገባል፣ እጀታው ይዞራል።

የሚበላሸው ብዙ ነው። በኃይል ከመታኸው ሆድ ያለው ፊደል ሙሉ በሙሉ ይቆረጥና ይወድቃል፤ «መ» እና «ወ» ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። በቀስታ ከመታኸው አይነበብም። አንዳንድ የአማርኛ መኪና ፊደሉንና ምልክቱን በሁለት ምት ስለሚሠራ ሁለተኛው ምት ሰሙን ከጎን ይቀደዋል። ስሕተት ሲፈጠር በማረሚያ ፈሳሽ ይደፈናል፤ ሳይደርቅ በላዩ ከተመታ ግን መኪናው ላይ ይጣበቃል። ወረቀቱ ቀለም የሚመጥ ሻካራ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ወረቀት ከሆነ ቀለሙ አይደርቅም፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ጀርባ ይታተማል። የድሬ ሙቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰሙ ይላላል። አንድ ስቴንስል እንደ ጥራቱና እንደ አያያዙ ከጥቂት መቶ እስከ ሁለት ሺህ ገደማ ቅጂ ይሰጣል፤ ከዚያ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል።

አደጋው ግን ከኋላ የሚቀረው ነው። ያገለገለው ስቴንስል ወደ ብርሃን ከተያዘ ሙሉ ጽሑፉ ይነበባል፤ ካልተቃጠለ ምስክር ነው። የጽሕፈት መኪናውም ይናገራል። አንዱ ፊደል ዘወትር ከመስመር ዝቅ ካለ፣ ሌላው ጥርሱ ከተሰበረ፣ በራሪውን ከቢሮ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደተጻፈ ማወቅ ይቻላል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደግሞ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም፤ አብዛኛው የሚገኘው በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ነው።

ነጋድራስ
እሺ፣ ይህን ሁሉ ተቀበልኩ። ግን ደርግ አልባሰም? ቢያንስ በጃንሆይ ጊዜ ሰው በግጥም አይገደልም ነበር።

ከዚራ
ነጋድራስ፣ ክርክሩን ሌላ ቦታ ብለናል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ደርግ አዲስ መሥሪያ ቤት አልሠራም፤ መርማሪውን ከነማኅተሙ ተረከበው። ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፤ ዝምታው የተሰበረበትን ጊዜ በአንድ ሰሌዳ ማሳየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ሸዋ በር
ከወሎ ረኃብ። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶዎች አሳይተዋል፤ ጋዜጣው ግን ረኃቡን በስሙ አልጠራውም። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በኦክቶበር 1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አወቀው። በየካቲት 1966 ታክሲው፣ መምህሩና ወታደሩ ሲነሳ ሳንሱሩም ላላ፤ የዚያን ዓመት የየካቲትና የሰኔን አዲስ ዘመን ጎን ለጎን አድርጋቸው፣ የአንድ ጋዜጣ አይመስሉም። እዚህ ላይ ግን ተማሪዎቹን አስጠንቅቅ። ከሰኔ 21 በኋላ፣ ደርግ ከተቋቋመ ወዲህ፣ መኳንንቱን የሚያብጠለጥለው ድፍረት እንደ 1917ቱ ነው፤ አዲስ ጌታ የሚፈልገው ድፍረት። ያ ፊልምም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተሰናሰለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ከአንድ ዓመት በፊት የተደበቀውን ሬሳ ያሳየው ያው የመንግሥት ጣቢያ ነው።

ፊደል ለቃሚ
የመጨረሻ የእጅ ምክር ለከዚራ። ኦሪጅናል ጋዜጣ ከተገኘ አትለጥፈው፣ በላስቲክ አታሽገው፣ በስካች አትጠግነው። የጋዜጣ ወረቀት ርካሽ እንጨት ስለሆነ ራሱን በራሱ ያቢጫል፤ የከዚራ ሰፈር ፀሐይ በሁለት ሳምንት ቡናማ ያደርገዋል። ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሳና ቅጂውን ስቀል። ፎቶውን ስታነሳ ሙሉ ገጹን ይሁን እንጂ ዜናውን ብቻ ቆርጠህ አታንሳ፤ መሙያው፣ ማስታወቂያውና የመስመሩ ስፋት ከሌለ ልጆቹ የሚለኩት ነገር አይኖራቸውም። ማስመሪያ አድላቸው፤ ሚሊሜትር ያለው ይሁን።

ከዚራ
ማስመሪያው ተገዝቷል። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ለሚሄድ ሰው የምጠይቀውን ቀን ልጻፍ፤ የሚያዝያ 1947 አዲስ ዘመን ሙሉውን፣ የዚያኑ ወር ነጋሪት ጋዜጣ፣ እና የየካቲትና የሰኔ 1966ን። ሌላ የሚጨምር ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።